ያላነበብኳቸው ሠላሳ ስምንት ወረቀቶች

ይህ በእኔው ላይ የደረሰ ነው። ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ከሰው ብሰማው አላምንም ነበር።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው በከፊል የፈረሰ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በር...

ግን ከመነሻው ልጀምር።

የመመረቂያ ጥናቴ የይዘት ትንተና ነበር። የዚሁ ፋብሪካ ሠራተኞች አስተያየት መስጫው ሳጥን ውስጥ የሚከቷቸውን ወረቀቶች እያነበብኩ ምድባቸውን ቅጽ ላይ እሞላለሁ። የሥራ ሰዓት፣ የአለቃ በደል፣ አደጋ፣ ሌላ።

"አደጋ" ውስጥ የሚገባ ካገኘሁ በዚያው ቀን ለፋብሪካው ላሳውቅ ቃል ገብቻለሁ።

አንድ ዓርብ ሠላሳ ስምንት ወረቀት ቀረኝ። ታክቶኛል።

ሳላነብ ሁሉንም "ሌላ" አልኳቸው።

ማክሰኞ ጠዋት የፋብሪካው የኋላ ግድግዳ ወደቀ። አራት ሴቶች ሞቱ።

ወሬውን እንደሰማሁ ወረቀቶቹን አወጣሁ። ሦስቱ የአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ ናቸው።

"ግድግዳው ተሰንጥቋል። ጣቴ ይገባል።"

"ስንጥቁ ሰፋ። መዳፌ ይገባል።"

"ዛሬ ክንዴ ገባ። እባካችሁ።"

የሞላሁትን ቅጽ ገለጥኩ...

በሦስቱም አንጻር "ሌላ" ያልኩት ተሰርዟል። ጎኑ ላይ በእርሳስ "አደጋ" ተብሎ ተጽፏል።

እኔ እርሳስ የለኝም።

አብራኝ የምታጠናው ልጅ ጋ ደወልኩ። መነጽሯ ነው የምንላት። ሥራዬን የምታመሳክርልኝ እሷ ናት።

"ቅጹን ያረምሽው አንቺ ነሽ?"

"የቱን? አንተ ጋ አይደል እንዴ ያለው? ገና መች ሰጠኸኝ።"

ቅጹን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ስማ... አንብበሃቸዋል አይደል?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"አዎ።"

ዋሸኋት።

ሁለት ሳምንት እህል አልወርድ አለኝ። በመጨረሻ ወደ ፋብሪካው ሄድኩ። ሽማግሌው ዘበኛ ብቻቸውን በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ የምናዘዘው ነገር አለኝ።"

"ተናገር ልጄ።"

አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሦስቱን ወረቀቶችም አንብቤላቸው ሰጠኋቸው።

ጽሑፉን በጣታቸው ዳበሱት።

"የወንድሜ ልጅ ናት፤ ከሞቱት አንዷ። ስንጥቁ ውስጥ እጇን እየከተተች ታሳየኝ ነበር" አሉ። "'ተይው፣ ከዚያ ሥራ ውጪ' ስላት፣ 'አይዞህ አጎቴ፣ አሁን የሚያነብልን ሰው መጥቷል' ትለኝ ነበር።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ተነስተው ምሰሶው ላይ ወደተሰቀለው አስተያየት መስጫ ሳጥን ወሰዱኝ። ቁልፉን አዙረው ከፈቱት።

"ዳብሰው" አሉኝ በሹክሹክታ።

ዳበስኩት። ባዶ ነው። መልሰው ቆለፉት።

"አሁን ጠብቅ።"

ነፋስ የለም። ከሁለታችን በቀር ሰው የለም።

መጀመሪያ ድምፁ መጣ... ወረቀት እንጨት ሲፍቅ።

ቀጥሎ በሳጥኑ ቀዳዳ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ የነጭ ወረቀት ጫፍ ቀስ እያለ ብቅ አለ።

ዘበኛው ቆባቸውን አወለቁ።

"እኔ ፊደል አልቆጠርኩም" አሉ። "አንተ አንብበው።"

እጄን ዘርግቼ ጫፉን ያዝኩ። ሳብኩት...

ከውስጥ የያዘው አልለቀቀልኝም።