የአባፎጊ ደም

ይህን ከራሴ ያመጣሁት እንዳይመስላችሁ። ሳሊሀ ራሷ ናት ያጫወተችኝ። አብሯት የነበረውን የሥራ ባልደረባዋን አለሙንም ጠየቅኩት፤ አንገቱን ደፍቶ «እውነት ነው» ከማለት በቀር ምንም አልጨመረም።

ሐሙስ ነው። ከቀኑ አስር ሰዓት። አማን ከተማ፣ አንዲት ጠባብ ላቦራቶሪ ውስጥ። ውጭ ዝናቡ አባርቷል።

ሳሊሀ የወባ በሽተኞችን ደም ታጠናለች። አውራ ጣት በምታክል ስስ ፕላስቲክ ላይ ከፀጉር የቀጠኑ ቦዮች ተቀርጸዋል። ቺፕ ይሏታል። ትንሽ ፓምፕ ደሙን በቦዮቹ ውስጥ ይገፋዋል፤ እሷም በማይክሮስኮፑ ስክሪን ላይ የትኞቹ ሴሎች ደንድነው መሹለክ እንዳቃታቸው ትመዘግባለች።

የዚያን ቀኑ ደም የአባፎጊ ነበር። ሸዋ ቤንች ወረዳ ቡና የሚያለሙ ሽማግሌ ናቸው። በዋዜማው ደም ስትቀዳቸው «ልጄ፣ ብዙ አትውሰጂ፤ የቀረኝ ጥቂት ነው» ብለው አስቀዋት ነበር።

ሥራዋን ጨርሳ ፓምፑን አጠፋች።

ደሙ ግን አልቆመም...

የቀረ ግፊት ይሆናል ብላ ጠበቀች። አንድ ደቂቃ... አምስት ደቂቃ...

ሴሎቹ ይሄዳሉ። ቆም። ደግሞ ይሄዳሉ። ቆም።

ከፓምፑ የሚመጣውን ቱቦ ነቀለችው።

አሁንም ይሄዳሉ... ቆም።

«አለሙ... ና እስኪ።»

አለሙ አጠገቧ ቆሞ ስክሪኑን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይሄ እኮ የልብ ምት ነው» አለ በሹክሹክታ። «ሰውዬው ደህና ናቸው?»

አባፎጊ ጋ ደወለች። ያነሳው ልጃቸው ናስረዲን ነው።

«ናስረዲን፣ ወንድሜ... አባባ እንዴት ናቸው?»

ናስረዲን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አልሰማሽም እንዴ? ንጋት ላይ አረፉ። አሁን መቃብር ላይ ነን።»

ሳሊሀ «ኢና ሊላሂ» ልትል አፏን ከፈተች። ዓይኗ ግን ስክሪኑ ላይ ወደቀ።

ይሄዳሉ። ቆም። ይሄዳሉ። ቆም።

«እንዳትቀብሯቸው!»

«ምን?»

«ደረታቸውን አዳምጥ። በአላህ ይዤሃለሁ... አንዴ ብቻ።»

ከሩቅ ጉርምርምታ ተሰማ። አንድ ሰው «ምን ሆነሃል አንተ?» ብሎ ተቆጣ። ናስረዲን ሲመለስ እያለቀሰ ነበር።

«ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ። ዝም ነው... ቀዝቅዘዋል። ጠዋት ሐኪምም አይቷቸዋል። ተይን በቃ፣ ሳሊሀ።»

አንድ ጠብታ ደም አይታ ቀብር ታስቁም?

«እሺ» አለች።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ይህች «እሺ» ናት።

ናስረዲን ስልኩን ሳይዘጋ ኪሱ ከተተው። የመጀመሪያው አፈር ሲወድቅ ሰማች።

ዱብ...

ስክሪኑ ላይ ምቱ ፈጠነ።

ዱብ... ዱብ...

ሴሎቹ መሯሯጥ ጀመሩ። ወደፊት... ወደኋላ... መውጫ እንዳጣ ሰው ከቦዩ ግድግዳ ጋር ይላተማሉ።

«አጥፊው!» አለ አለሙ።

«ምኑን? ጠፍቷል እኮ...»

ዱብታው ቀረ። ደሙም ቆመ።

አለሙ ቺፑን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ... መልሶ ሰበሰበው።

ሴሎቹ በሙሉ በአንድ ጎን ተደርድረዋል። በመስኮቱ በኩል... አባፎጊ ወደተቀበሩበት ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ።

ሳሊሀ ቺፑን በአንድ ጣቷ አዞረችው።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተንቀሳቀሰም...

ከዚያ ቀስ እያሉ፣ አንድ በአንድ፣ ተመልሰው ወደ መስኮቱ ሄዱ።