በመድኃኔዓለም ቀን የተዳቀለው አፕል

አንዷለምን መጀመሪያ ያነጋገርኩት ስቀልድበት ነው። የአባቴን አሮጌ የአፕል ዛፍ በጣቱ እያንኳኳ፣ ጆሮውን ግንዱ ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ደረስኩና «ምነው፣ ከፋች ጠፋ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ሳቀ እንጂ አላፈረም።

«ነቀዝ ብቻ ነው ያለው» አለኝ። «ውስጡን ጨርሶታል። ሁለት ክረምት አይሻገርም።»

መሐል ሜዳ ችግኝ ጣቢያ የሚሠራ የራቤል ተወላጅ ነው። ከሞላሌ የአንድ ሰዓት መንገድ ወደሆነው መንደራችን ያስመጡት አባቴ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ናቸው። ዛፉን የተከሉት አያቴ ሲሆኑ፣ አባቴ ከዳዊታቸው ቀጥሎ የሚወዱት እሱን ነበር። እኔ ሦስተኛ ነኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከሰው ይልቅ ከዛፉ ጋር ሲያወሩ ነው የማገኛቸው።

«የኔታ፣ አሮጌው አይድንም» አላቸው አንዷለም። «ግን ቀንበጡን ቆርጬ ከወጣት ችግኝ ጋር አዳቅለዋለሁ።»

«ፍሬው ይለወጣል?»

«አይለወጥም። ሥሩ የሌላ ይሆናል እንጂ ፍሬው ያው የአባትዎ ነው።»

አባቴ ግንዱን ደባበሱት። «ይህንን ካተረፍክልኝ የጠየቅኸኝን አልከለክልህም» አሉት። እሱ ያን ጊዜ እኔን አየኝ። እኔም አየሁት። ምን እንደሚጠይቅ ሁለታችንም አወቅን።

ከጥር ጀምሮ በየሳምንቱ መጣ። አንዴ ችግኝ ይዞ፣ አንዴ አፈሩን ልይ ብሎ፣ አንዴ ደግሞ ምንም ሳይዝ። አባቴ በርጩማቸውን አውጥተው መሀላችን ይቀመጣሉ። ውሃ ሳቀብለው ጣቱ ጣቴን ከነካ፣ ያንን ይዤ ሳምንቱን እከርማለሁ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሞኝነት ይፈቀድልኛል።

«ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ» አለኝ አንድ ቀን፣ አባቴ ለጸሎት ፊታቸውን ሲያዞሩ።

«ማንን ልትጠይቅ?»

«ዛፉን።»

አፌን ይዤ ሳቅሁ።

በመጋቢት መድኃኔዓለም ዋዜማ ኃይለኛ ነፋስ ነፈሰና የዛፉን ግማሽ ገንጥሎ ጣለው። ደወልኩለት። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ደረሰ። አባቴ ከንጋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። የጾም ቅዳሴ የሚያልቀው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስለሆነ፣ ግቢው የእኛ ብቻ ነበር።

አንዷለም የወደቀውን ቅርንጫፍ አገላብጦ አየ። «ቀንበጦቹ ደህና ናቸው። እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ጥላ ውስጥ እናሳድራቸው። ነገ በማለዳ መጥቼ አዳቅላቸዋለሁ።»

«ለምን ዛሬ አይሆንም?»

«እስከዳር፣ ዛሬ እኮ መድኃኔዓለም ነው። እንዴት ቢላ አነሳለሁ?»

ልክ ነበር። ለአንድ ሌሊት ምንም እንደማይሆኑ እኔም አውቅ ነበር። ግን ነገ አባቴ በርጩማቸው ላይ ናቸው። እኔ የፈለግሁት ያንን ቀን ነው፤ ማንም መሀላችን የማይቀመጥበትን።

«ይደርቃሉ!» አልኩት። «ፀሐዩን አታይም? አባቴ ዛፋቸው ጠፍቶ ሊያገኙት ነው?»

ፀሐዩን ሳይሆን እኔን አየኝ። ከዚያ ቢላውን ከኪሱ አወጣ። ለአባቴ ብሎ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ችግኙን ሰያፍ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ቀንበጡንም እንዲሁ። ሁለቱን ቁስል ከቁስል ያጋጥማል። እኔ በሁለት ጣቴ አጥብቄ እይዛለሁ፤ እሱ በላስቲክ ይጠቀልልና ሰም ያፈስበታል። ትንፋሹ እጄ ላይ ነበር።

«እንዳትነቃነቂ። ቆዳው ከቆዳው ካልገጠመ አይያያዝም።»

«ከገጠመስ?»

«ከገጠመማ የሚለየው የለም።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬም ቢሆን ይህንን አልክድም።

ጎረቤታችን ጌታነሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስታልፍ በአጥሩ ላይ አየችው። እኔ ችግኞቹ ላይ አጎንብሼ ስለነበር አላየችኝም።

በእኛ አገር በዓል የሻረ ሰው ኃጢአቱ ለብቻው አይደለም፤ በረዶ የሚወርደው የሁሉም ማሳ ላይ ነው ይባላል። በአራተኛው ቀን ወረደ። ሊያሸት የደረሰውን የበልግ ገብስ ከመሬት ጋር ለጥፎት ሄደ። ሰው በማሳው ዳር ቆሞ እንደ ለቅሶ ቤት አለቀሰ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አገሩ በሙሉ በደጀ ሰላሙ ተሰበሰበ። አንዷለምንም አስጠርተውታል። አውራው ሽማግሌ አቶ አፈወርቅ ተነሡ።

«በመድኃኔዓለም ቀን ቢላ ያነሳው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን አዘዘህ?»

ያን ጊዜ አየኝ። ሴቶቹ መሀል ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አፌ ውስጥ ነበረች፤ ሰው ምን ይለኛል አልኩና ዋጥኳት። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት።

አንዷለም ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ። «ማንም አላዘዘኝም» አለ።

እሳትና ውሃ እንዳይሰጠው፣ ከዚህ አገር እንዳይታይ ተፈረደበት። ማሳዋ የጠፋባት አንዲት ሴት እግሩ ሥር ተፋች። ከኋላ የተወረወረ ድንጋይ ግንባሩን ፈነከተው። ደሙን እንኳ ሳይጠርግ በሴቶቹ በኩል መጣ። ሲደርስብኝ ገለል ብዬ መንገድ ለቀቅሁለት፤ ለማላውቀው ሰው እንደሚለቀቅ።

በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደወለ። ስልኩን በእጄ ይዤ ጩኸቱን እስኪጨርስ አየሁት። ከፋሲካ በኋላ እናገራለሁ እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ፋሲካ አለፈ፤ ሽማግሌ አልመጣም። ሥራውን ትቶ ወደ ራቤል ገባ አሉ።

ካዳቀልናቸው አሥራ አንድ ችግኞች ዘጠኙ ያዙ። በአራተኛው ዓመት ሲያፈሩ፣ ያን ቀን ያባረሩት ሰዎች ለችግኝ የሚሆን ቀንበጥ ሊለምኑን መጡ። ከፊት የመጣችው ጌታነሽ ናት። አባቴ ለሁሉም ሰጡ።

እኔም ሞላሌ ሱቅ ላለው፣ ማዕረግ ለሚባል ሰው ተዳርኩ። ክፉ ሰው አይደለም። ስለሱ የምለው ይኸው ነው።

አምና አባቴ ሲታመሙ ላስታምማቸው ተመለስኩ። በሰባተኛው ዓመት መሆኑ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አልጋቸው ጎን ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በዓሉን ያስሻርኩት እኔ መሆኔን፣ እሱ እንቢ ማለቱን፣ ዝም ማለቴን።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ያን ዕለት መቋሚያዬን ረስቼ ተመልሼ ነበር። ‘ይደርቃሉ’ ስትይው ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሰማሁ።»

«ታዲያ ሲፈርዱበት ለምን ዝም አሉ? ጠልተውት ነው?»

«ወድጄው ነው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ከሴቶቹ መሀል እስክትወጪ ጠበቅሁ። አንድ እርምጃ ብትራመጂ፣ ከፊትሽ ቆሜ ‘ልጄን ሰጥቼዋለሁ፣ ጥፋቱም የቤቴ ነው’ እል ነበር። እሱ ደሙ ሲወርድ አንቺ ነጠላሽን ታስተካክያለሽ። እንዲህ ላለች ሴት ምን ብዬ ልስጠው?»

አለቀስኩ። አላባበሉኝም።

«እርስዎስ አልበደሉትም?» አልኩ በመጨረሻ።

«በድየዋለሁ። የዚያኑ ዓመት ራቤል ድረስ ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። አንስቶ ሳመኝ። አባቱ ሞተው ኖሮ፣ ሊያገባ አስቦ የሚልከው ሽማግሌ አጥቷል። ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩለት እኔ ነኝ።»

ደጅ ሰዎች እየተሳሳቁ አፕል ሲለቅሙ ይሰማል። መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ግን ጠየቅሁ።

«ቆንጆ ናት?»

አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አፍ አላት» አሉኝ።