ሁለተኛው ራጅ

ክብሩ የልጅ ልጄን ሐዳሳን ያወቃት መናኸሪያ አጠገብ፣ ከምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። መጀመሪያ መቶ ገጽ ይዞ መጣ፤ ከዚያ አንዲት ገጽ ይዞ በቀን ሦስቴ ይመላለስ ጀመር።

«ይቺን ትናንትም አባዝተናታል እኮ» ብትለው፣

«ተማሪዎቼ እየጣሏት ነው» አላት።

«አንተንም እንዳይጥሉህ» ብላ ዐይኗን ከማሽኑ ሳታነሣ ሳቀች።

እኔ ይህን የሰማሁት ሽማግሌ ሊልክ ሲያስብ ነው። በዚያው ሰሞን ሳልና ትኩሳት ጣለው፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ጀመር። ሐዳሳ ክሊኒክ ስትወስደው ተከትዬ ሄድኩ፤ ማን ቤት ያስቀምጠኛል?

ሐኪሙ የደረቱን ራጅ መብራቱ ላይ ሰቀለው። በሁለቱም ሳንባ ነጭ ጭጋግ ተበትኗል። ባሌን ማርቆስን በሳንባ ነቀርሳ የቀበርኩ ሴት ነኝ።

«የአክታው ምርመራ ነቀርሳ አላሳየም» አለ ሐኪሙ። «ጭጋጉ በሁለቱም በኩል ስለሆነ፣ በቫይረስ የመጣ የሳንባ ምች ይመስላል። ግን ራጅ ብቻውን አይፈርድም፣ እማማ። ቢሻለውም ጭጋጉ ቶሎ ላይጠፋ ይችላል፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ደግመን እናየዋለን።»

«‹ይመስላል› ተብሎ ሕክምና አለ?» አልኩ። ለክብሩም፣ «ልጄ፣ ሁለተኛው ራጅ ሳይጠራ ሽማግሌ እንዳትልክብኝ» አልኩት።

«እሺ፣ እማማ» አለ። ሐዳሳ ግን እጄን ለቃ ቀድማኝ ወጣች።

ስድስት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ሳሉ ሲለቀው፣ ምሥራቅ ሰፈር ያለው ቤታችን በር ላይ ቆሞ ያዋራት ጀመር፤ ወንበር አላወጣሁለትም። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ትንፋሹን እቆጥራለሁ። ሁለቱ ተያይተው ዝም ይላሉ። ኋላ ኋላ ከሳሉ ይልቅ ዝምታቸው አስፈራኝ።

ቀኑ ደረሰ። የራጁ ባለሙያ ፖስታውን ሲሰጣት፣ ሐዳሳ ደረቷ ላይ አጣብቃ ያዘችው።

«ሳይከፈት ንገሪኝ፣ እማ። ባይጠራስ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ለሐኪሙ ስጪው።»

«ባይጠራ እኔ አስታምመዋለሁ። አንቺስ አያቴን ትተሽው ነበር?»

«ተያቸው፣ ሐዳሳ» አለ ክብሩ፣ አንገቱን ደፍቶ።

አልተውኩትም ነበር። አንድም ቀን። እንዲህ ብዬ እንዳልመልስላት ከንፈሬን ነከስኩ፤ እሷ ግን ካጠገቤ ንቅንቅ አላለችም።

«ቅዳሜ ሽማግሌ ላክ» አልኩት ክብሩን። «አንቺም በይ አሁን ስጪው፤ ልቤ ሊቆም ነው።»

ሐኪሙ ሰቀለውና፣ «ጠርቷል» አለ።

እኔ ማን ያምነዋል ብዬ ተጠግቼ ጥግ ጥጉን ሁሉ አየሁ። ከእኔ በቀር ግን ራጁን የሚያይ አልነበረም፤ ሁለቱ የሚያዩት እርስ በርሳቸውን ነበር።