ሸኚው የቆመበት ሰገነት

ሸኚ የሚቆምበትን ቦታ መምረጥ ያለበት ለተሸኚው ዓይን እንጂ ለራሱ ዓይን አይደለም። ይህን ሥርዓት የገለበጠ ሰው ያላየውን «አየሁ» ለማለት ይገደዳል፤ ያላየውን «አየሁ» ያለም ሰው በገዛ ዓይኑ ያየውን ሳያውቀው ይቀራል። በ፲፱፻፷፩ ዓመተ ምሕረት በቡታጅራ የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው።

«አትንኪው፤ ገና ነው» አሉ ጋሼ አስረስ።

ሀያቱ እጇን ሰበሰበች። ጋሼ አስረስ ከተከራዩት ቤት ጀርባ ያለችው ዕቃ ቤት መስኮቷ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፥ ፋኖሷም በቀይ ጨርቅ ተሸፍና፥ የሦስቱም ሰዎች ፊት የፍም መልክ ይዞ ነበር። በሳህኑ የፎቶ ማጠቢያ ፈሳሽ ውስጥ የተነከረው ወረቀት ባዶ ነበረ። መጀመሪያ ባሕሩ ጠቆረ። ቀጥሎ ሰማዩ ግራጫ ሆነ። መርከቡ ግን ነጭ ነበርና አልወጣም፤ ጨለማው ዙሪያውን እየከበበው ሲሄድ፥ ምንም የሌለበት ቦታ ራሱ የመርከብ ቅርጽ ያዘ። ሀያቱ በአሥራ አራት ዓመቷ ባሕርም መርከብም አይታ አታውቅም፤ ወደ ሳህኑ ይበልጥ አጎነበሰች።

«ጎበዝ ሀቢቡ!» አሉ ጋሼ አስረስ። ከጎጃም የመጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ካሜራውን ለሀቢቡ ያዋሱትም እርሳቸው ነበሩ። «ፀሐይን ከጀርባህ፥ ራስህን ከፍ ካለ ቦታ፥ ሰውን ከግርጌ! ያልኩህን ሁሉ አደረግህ። ከግርጌ ሰው ባይገባ ኖሮ ይህ መርከብ ይሁን የልጅ መጫወቻ በምን ይታወቅ ነበር?»

ሀቢቡ የሀያቱ ታላቅ ወንድም ነው። አያታቸው እማ ሰፍያ ለሐጅ ሲነሡ ጊዜው የበርበሬ ወራት ነበርና አባታቸው ጀማሉ ከንግዳቸው መለየት አልቻሉም፤ ስለዚህ እስከ ምጽዋ ወደብ ድረስ የመሸኘቱ ክብር በሀቢቡ ላይ ወደቀ። በእነርሱ ቤተ ዘመድ ሽኝት ቀላል ነገር አይደለም። ሩቅ አገር የሚሄድ ሽማግሌ ሸኚውን ዓይን ለዓይን አይቶ ሳይመርቅ ጉዞ አይጀምርም፤ ሸኚውም ተጓዡ ሳይሰወር ፊቱን አይመልስም።

«ይኸውላችሁ እማ ሰፍያ» አለ ሀቢቡ፥ ጣቱን ወደ መርከቡ አጥር እያመለከተ። «የብረቱን አጥር ይዘው እጃቸውን እያወዛወዙልኝ ነው። ሲመርቁኝ ድምፃቸው እኔ ካለሁበት ሰገነት ድረስ ይሰማ ነበር።»

ያመለከታት ነጥብ የጤፍ ፍሬ አታህልም ነበር።

አባታቸው ፎቶግራፉን በመስታወት አስገብተው ከምድጃው በላይ፥ እማ ሰፍያ ይቀመጡበት ከነበረው ቦታ ፊት ለፊት ሰቀሉት። ቦታው አሁን ባዶ ነው። አሮጊቷ በርጩማቸውንም ይዘው ሄደዋል። «መካ ወንበር ጠፋ እንዴ?» ብለው ጎረቤቶች ሲያሾፉባቸው፥ «የሰው ወንበር ወገቤን አያውቀውም» ብለው ባለሦስት እግሯን በርጩማ ከስንቃቸው ጋር አሰሩ። በጭቃው ወለል ላይ ሦስቱ የእግር ምልክቶች እንደ ጎደጎዱ ቀርተዋል። ቤቱን የሚጠርግ ሁሉ እነርሱን ዘልሎ ይጠርጋል።

የሰፈሩ ሴቶች ፎቶግራፉን ለማየት ጎረፉ። ፎቶው የመዳፍ ስፋት ብቻ ስለ ነበረው ጋሼ አስረስ አጉሊ መነጽራቸውን አውሰዋቸዋል።

«ማሻአላህ!» አለች ጎረቤታቸው ከድጄ። «ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ታየኝ፥ ወላሂ! ዱዓ እያደረጉልን ነው።»

«በይ ተይን! ትናንት የገዛ ፍየልሽን ከሰው ፍየል መለየት አቅቶሽ አልነበር?» አለቻት ሌላዋ።

«ፍየሏ ሐጅ አልሄደች! ሐጅ የሄደ ሰው ፊቱ ያበራል።»

ሳቁ። ሀቢቡ ግን አልሳቀም። ከምጽዋ ከተመለሰ ወዲህ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። አመሻሽ ላይ ፋኖስ ሲበራ፥ ብርሃኑ በመስታወቱ ላይ እየተላወሰ ባሕሩን የሚያናውጠው ይመስላል፤ አባታቸውም ከመግሪብ ሶላት በኋላ ከፎቶው ፊት ቆመው፥ «እማ፥ በሰላም ይግቡ» ይላሉ። በዚያች ሰዓት ሀቢቡ ሁልጊዜ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ጉዳይ አያጣም።

ሀያቱ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። መነጽሩን አንሥታ ወደ መርከቡ አጥር አስጠጋች። የአያቷን ፊት ናፍቃ ነበር። ያየችው ግን ሌላ ነው፤ ትከሻቸው የተራቆተ ሴቶች፥ ሰፋፊ ባርኔጣ ያጠለቁ ወንዶች፥ በእጃቸው ብርጭቆ የያዙ ሰዎች። ከዳር እስከ ዳር አንድም የሐጅ ተጓዥ አልነበረም። ያቺ የጤፍ ፍሬ የምታህለው ነጥብም የፈረንጅ ሴት መሐረብ ነበረች።

ወንድሟን ያገኘችው ከቤቱ ጀርባ፥ በተሰጣው በርበሬ መካከል ነው።

«ሀቢቡ፥ ይሄ የሐጅ መርከብ አይደለም።»

«ማን አለሽ?»

«ዓይኔ።»

ሀቢቡ በርበሬውን መገልበጡን ሳያቋርጥ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ቀስ በይ፤ እንዳትጮኺ። የሐጃጆቹ መርከብ እኮ ጥቁር ነው፤ ዝገት የበላው። እሱን ፎቶ ብታነሺው እንኳ አያምርም።»

«ታዲያ ለምን አላነሣኸውም? ባያምርስ?»

«ቦታ ስፈልግ ሄደብኛ!» አለ ሀቢቡ። ከዚያ ወሬው ራሱ ጎተተው። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ! መጀመሪያ ደሴቱን ከየብስ የሚያገናኘው ድልድይ ላይ ወጣሁ፤ ዝቅ ያለ ነው፥ ከመርከቡ የሚታይሽ ሆዱ ብቻ። ከዚያ መርከቦችን ወደሚመራው የመብራት ማማ ሄድኩ። እሱ አንደኛ ነበር፤ የሚወጣ መርከብ ሁሉ ከአፍንጫሽ ሥር ነው የሚያልፈው። ለእማ ሰፍያም “ማማው ሥር እቆማለሁ፥ ከዚያ ይመርቁኝ” ብያቸው ነበር። ስደርስ ፀሐዩ ከፊት ነው፤ ፎቶው ይበላሻል። ስለዚህ ትቼው ከተማ ገባሁና የአንድ የመናዊ ቤት ሰገነት አገኘሁ። ምን የመሰለ ቦታ! እዚያ ስወጣ ግን ከመርከቡ የቀረው ጭሱ ነበር።»

«ከማማው ሄድክ? “እቆማለሁ” ካልካቸው በኋላ?»

«ፎቶውስ? ባዶ እጄን ልመለስ? በማግሥቱ ፈረንጆች ለሽርሽር የሚዞሩበት ነጭ መርከብ ሊወጣ ሲል ከዚያው ሰገነት ሆኜ አነሣሁት። ጋሼ አስረስ “ከግርጌ ሰው ይግባ” ብለው አልነበር? ወደቡ ድንጋይ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጣ አየሁ፤ እሷን ለመለኪያ አስገባኋት። ዕድሌ ሆኖ ከጧት ጀምሮ ንቅንቅ አላለችም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማ ሰፍያ እንደሆኑ ሄደዋል። ማንን ጎዳሁ? ፋራ አትሁኚ፤ አልናገርም በይ፥ ወላሂ በይ።»

ሀያቱ ወላሂ አላለችም። ነገር ግን ዝም አለች፤ ዝምታዋንም ሀቢቡ እንደ መሐላ ቆጠረው። ለራሷ የነገረችው ምክንያት እርሱ የነገራትን ያው ምክንያት ነበር፤ አሮጊቷ ሄደዋል፥ የተጎዳ የለም። ሰው ለራሱ በተውሶ ምክንያት ሲናገር ልቡ ጆሮ አይሰጠውም፤ የሀያቱም ልብ አልሰጠም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎቶግራፉ ባለበት ክፍል ብቻዋን መቀመጥ ከበዳት። ሰው የሚያያት ያህል ቢሰማት ኖሮ በወደደች፤ የሚሰማት ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ በዚያ መስታወት ውስጥ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቷታል። ሦስቱ የበርጩማ ምልክቶች ሲመሽ ጠልቀው፥ ሲነጋ ጎድለው ይታዩዋት ጀመር። «ጥላ ነው» ትላለች ለራሷ። ጥላ ነበር፤ ነገር ግን ማወቋ አላሳረፋትም።

በዓርብ ቀን ወንዶቹ መስጊድ ሳሉ መነጽሩን እንደገና አነሣች። በዚህ ጊዜ መርከቡን አላየችም። መነጽሩን ቁልቁል አውርዳ፥ ከነጩ የመርከብ ግድግዳ ሥር፥ ወደ ድንጋዩ ጥግ አስጠጋችው።

አሮጊቷ ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ ተቀምጣለች። ነጭ ለብሳለች። በወደብ ላይ ነጭ የለበሰች አሮጊት ብርቅ አይደለችም። ግራ እጇን ገልብጣ ወገቧን ደግፋለች። ወገቡን የሚያመው ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። የተቀመጠችው ግን በድንጋይ ላይ አይደለም፤ በጥቅልም ላይ አይደለም። ከቀሚሷ ጫፍ ሥር ሦስት አጫጭር እግሮች ወጥተዋል። ፊቷ ወደ መርከቡ አልነበረም። መርከቡ በፊቷ ሲያልፍ እርሷ ወደ መብራቱ ማማ ትመለከት ነበር።

ሀያቱ መነጽሩን አውርዳ ወለሉ ላይ የቀሩትን ሦስት ምልክቶች አየች።

ሀቢቡ ከመስጊድ ሲመለስ በደጅ ያዘችውና ወደ ውስጥ ጎተተችው፤ መነጽሩንም በእጁ አስጨበጠችው። «ለመለኪያ ያስገባሃትን ሴትዮ እያት» አለችው።

ሀቢቡ አየ። ብዙ ጊዜ አየ። ላብ ከግንባሩ ወርዶ መስታወቱ ላይ ጠብ አለ፤ በእጅጌው ጠረገው።

«ድንጋይ ነው» አለ። «ጥላ ነው። ሀያቱ፥ ሄደዋል እኮ! ወንድማቸው ሙሀመድሰይድ አብረዋቸው አሉ፤ ቢወርዱ እሳቸው ያውቁ ነበር!»

«በመርከቡ ላይ ሴቶቹና ወንዶቹ ለየብቻ ናቸው ብለህ የነገርከን አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እሺ… እሺ። እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ነገ። የዛሬው ገበያ ይለፍና። አባ ሰው ፊት ሆነው ከሰሙ ይገድሉኛል። እኅቴ፥ አደራሽን፤ ዛሬን ብቻ።»

ሀያቱ ወንድሟን ትወደው ነበር። መጻፍ ያስተማራት እርሱ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ውሻ ሲያስፈራት ከፊቷ የሚቆመውም እርሱ ነው። ዛሬን ብቻ ቢባል ምን ነበረበት? ነገር ግን «ዛሬን ብቻ» እያለ ከምጽዋ እስከ ቡታጅራ የመጣው ይኸው ነገር መሆኑን አየች፤ ያቺ አሮጊትም አሁን፥ በዚህች ሰዓት፥ የት እንደ ተቀመጠች አሰበች። ሳጥን ላይ ወጥታ ፎቶግራፉን ከግድግዳው አወረደችው፥ በነጠላዋ ጠቀለለችው፥ ወጣችም። ሀቢቡ አልከለከላትም።

አባቷ በበርበሬ መጋዘናቸው ደጅ ከሁለት ነጋዴዎች ጋር ቆመው ነበር።

«ምነው ልጄ? ይህን ምን አስወረደሽ?»

«አባ፥» አለች ሀያቱ፥ «እማ ሰፍያ አልሄዱም።»

አባቷ የነገረቻቸውን ሁሉ ቆመው ሰሙ። ሲጨርሱ ፎቶግራፉን አላዩም፤ መጋዘኑንም አልቆለፉም። በዚያው ወደ አዲስ አበባ በሚወጣው የጭነት መኪና ተሳፈሩ።

እናታቸውን ያገኟቸው በወደቡ ድንጋይ ላይ ነው። አንዲት የምጽዋ ሴት ሲመሽ እቤቷ እየወሰደች ታሳድራቸው ነበር፤ ሲነጋ ግን በርጩማቸውን አንሥተው ይመለሱ ነበር። ከአገር ቤት ቋንቋቸው በቀር ሌላ ስለማያውቁ የሚሰማቸው ሰው አላገኙም፤ ሰው ሁሉ ከማን እንደ ቀሩ ሲጠይቃቸው በእጃቸው ማማውን ያሳዩ ነበር። መርከቡ ሳይነሣ ወደ ማማው ቢያዩ ሀቢቡን አጡት፤ «ልጁ አንድ ነገር ሆኗል፤ ሳልመርቀው እንዴት ባሕር እሻገራለሁ?» ብለው ወረዱ፤ መሰላሉም ከኋላቸው ተነሣ። ወንድማቸውና ሌሎቹ ተጓዦች ባሕር ላይ ሆነው የእማ ሰፍያን መቅረት ሲያውቁ፥ ከልጅ ልጃቸው ጋር ወደ አገራቸው የተመለሱ መሰላቸው።

እማ ሰፍያ ከሳል ጋር ወደ ቡታጅራ ተመለሱ። ስለ ሐጃቸው አንድም ቃል አልተናገሩም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጁ ደኅና ነው?»

የጎሣቸው የመስቃን ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ ሀቢቡም በመካከላቸው ቆሞ አመነ። ከፍርዱ በፊት ሀያቱ ስትጠየቅ፥ እርሷም አውቃ ዝም ያለችባቸው ቀናት እንዳሉ ተናገረች፤ ማንም እንድትናገር አላስገደዳትም ነበር። ሽማግሌዎቹ እርሷን ገሥጸው ለቀቋት። በሀቢቡ ላይ የተፈረደው ይህ ነው፤ ለመንገደኛ ስንቅ እንዳይሸከም፥ ከማንም ተጓዥ ጋር እስከ መንገድ እንዳይወጣ፥ የሚሄድ ሰው ምርቃትም እንዳይደርሰው። ፍርዱን ሊያነሡለት የሚችሉት እማ ሰፍያ ብቻ መሆናቸው ተነገረው፤ ለዚህም ከፊታቸው ቀርቦ ዓይናቸውን እያየ መለመን ነበረበት።

እማ ሰፍያ ጠበቁት። «ፊቱን ያሳየኝ እንጂ እኔስ እመርቀዋለሁ» ይሉ ነበር። ሀቢቡ ግን እስከ በሩ ይመጣና ይመለሳል። ሀያቱ ሁለት ጊዜ እጁን ይዛ ልታስገባው ሞከረች፤ ሁለት ጊዜ እጁን አስለቀቀ።

አሮጊቷ ዝናቡ ሲገባ ዐረፉ። የቡታጅራ ወንዶች፥ ክርስቲያኑም ሳይቀር፥ ቃሬዛውን ከትከሻ ትከሻ እየተቀባበሉ ወደ መቃብሩ ወሰዱት፤ ጋሼ አስረስም ከመካከላቸው ነበሩ። ሴቶች ወደ መቃብር አይሄዱምና ሀያቱ ከቤት ሆና ተመለከተች። የሞተም ሰው ተጓዥ ነውና፥ ሀቢቡ እንደ ተፈረደበት ከደጁ አላለፈም።