ካሊን ያጠፋው መብራት

ካሊን የመረብ ኳስ አሠልጣኟን ቪሊያናን ከወደዳት ሦስት ዓመት አልፎታል። አንድም ቀን ግን ትንፍሽ ብሎላት አያውቅም። በጋብሮቮ ከተማ የሁለቱም መሥሪያ ቤት በሆነው ትምህርት ቤት ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነው። መረቧን ይጠግንላታል፣ የተቃጠለ አምፖል ይቀይርላታል፤ «ተባረክ ካሊኔ» ስትለው ጆሮው ድረስ ይቀላና መሰላሉን ተሸክሞ ውልቅ ይላል።

በመጋቢት ወር ስቬቶዛር የሚባል መሐንዲስ ከፕሎቭዲቭ መጣ። የስፖርት አዳራሹን አሮጌ መብራቶች አውርዶ፣ ሰው ሲገባ የሚበሩ፣ ሰው ሲወጣ የሚጠፉ፣ ያለ ሽቦ ከስልክ የሚታዘዙ መብራቶች ሰቀለ። ቁጠባ የሚወድ ከተማ ነውና ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ዝላትካ በደስታ ልታብድ ደረሰች።

ካሊንን ያንገበገበው ሌላ ነው።

«ቪሊያና፣ እስቲ መሃል ሜዳው ላይ ቁሚልኝ» ይላል ስቬቶዛር። ትቆማለች። ስልኩን ነካ ያደርግና ብርሃኑን ቀስ እያለ ያደምቀዋል። «አየሽ? መብራቱ እንኳ አንቺን ሲያይ ይፈካል!»

«ሂድ ወዲያ፣ አንተ ቀልማዳ!» ትላለች እየሳቀች።

ካሊን ያንን ሳቅ ቤቱ ይዞት ይገባል። እራት አይወርድለትም።

መቆጣጠሪያው በካሊን ስልክም ላይ ተጫነለት። የአዳራሹ ካርታ ላይ ሰው ያለበት ጥግ ቢጫ ይሆናል። አንድ ቀን ልምምድ አልቆ ቪሊያና የምታሠለጥናቸው ልጃገረዶች ግቢውን ሲያቋርጡ በመስኮት አያቸው። ስልኩን ሲያይ አንዱ ጥግ ቢጫ ነው። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም ቀን።

«እሷና ስቬቶዛር አብረው ናቸው» አለ ለራሱ። ደሙ ፈላ። ጣቱን «አጥፋ» የሚለው ላይ አሳረፈና ተጫነው።

አዳራሹ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ጩኸቱ ግን እሱ ያለበት ድረስ ተሰማ።

ሮጦ ሲደርስ ቪሊያና ቁርጭምጭሚቷን ይዛ ወለሉ ላይ ተኮራምታለች። ብቻዋን ነበረች። ለከተማው ቡድን በተጫዋችነት ለመመረጥ ለማንም ሳትናገር ስትዘጋጅ ኖሯል፤ ምርጫው ሊደርስ የቀሩት አሥር ቀናት ብቻ ነበሩ።

በማግስቱ ወይዘሮ ዝላትካ ስቬቶዛርን አስጠርታ ጮኸችበት። «ይኼን ጉድህን ነቅለህ ውሰድልኝ! ሰው ገደልክብኝ እኮ!»

ስቬቶዛር ፊቱ አመድ መሰለ። ካሊን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዝም ቢል ያ ሰው ተዋርዶ ይሄድለታል። ቪሊያና በክራንች ተደግፋ አጠገቡ ቆማለች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ ካሊን።

«ለምን?» አለችው ቪሊያና።

«ቀንቼ።»

ስቬቶዛር አፈጠጠበት። «በእኔ? ወንድሜ፣ እኔን እኮ እምቢ ካለችኝ ሳምንት ሆናት!»

ቪሊያና አልሳቀችም። «ሦስት ዓመት ሙሉ ተለጉመህ ከርመህ» አለችው፣ «ፍቅርህን የምትገልጸው እግሬን ሰብረህ ነው?»

ካሊን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ምርጫው ቪሊያናን አለፋት። ጸደዩን ሙሉ በየጠዋቱ በሯ ላይ እየቆመ ቦርሳዋን ትምህርት ቤት አደረሰላት። ሁለት ወር ያህል አንድም ቃል አልመለሰችለትም፤ ቦርሳውን ግን አልከለከለችውም። በሰኔ፣ «ለልምምድ ኳስ የምታቀብለኝ አንተ ነህ» አለችው።

በመስከረም ድጋሚ ምርጫ ተደረገ። ካሊን ውጭ ቆሞ ጠበቃት።

«ገባሁ!» አለች ገና ከበሩ። ከዚያ ዐይን ዐይኑን እያየች፣ «ስቬቶዛርም እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ደወለልኝ» ብላ ጨመረች።

የካሊን ፊት ተለዋወጠ።

«አሁንም ትቀናለህ?»

«በጣም።»

«እና ምን ልታደርገኝ ነው?»

ጫማውን እያየ እንደሚወዳት በሹክሹክታ ነገራት።

ቪሊያና ጠጋ አለችው። አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው። «አልሰማሁም» አለች፤ «ጮክ በል።»

ካሊን ጮኸ። መንገደኛው ሁሉ ዞረ።