ከጥናቱ የወጣው ልጅ

የቃሊቲው ባቡር ሥራ በጀመረ ሰሞን፣ ፊርዶስ የሳይኮሎጂ ማስተርሷን ለመጨረስ የመመረቂያ ጥናቷ ብቻ ቀርቷት ነበር። ሰው ፌስቡክ ላይ የሚጽፈውንና ፊት ለፊት የሚናገረውን ታነጻጽራለች። ምሽት ላይ በጽሑፍ የጠየቀችውን፣ በማግስቱ ሰዎቹ ካሉበት ሄዳ ደግማ ትጠይቃለች።

ከፈቃደኞቹ አንዱ ሳሪስ አቦ የሞባይል ዕቃ የሚሸጠው የስልጤው ልጅ ረሻድ ነው። የተዋወቁት ቻርጀር ልትገዛ ሱቁ የገባች ቀን ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለእሱ የተተረተ ይመስላል። ፌስቡክ ላይ ግን ሌላ ሰው ነው፤ ስለ እናቱ፣ ስለ አገሩ፣ ሱቅ ውስጥ ብቻውን ሲውል ስለሚያስበው ሁሉ ይጽፍላታል፤ ያስቃታል።

አንድ ቀን «የምትፈራው ነገር ምንድን ነው?» ብላ ጻፈችለት።

«ጥናትሽ አልቆ መምጣት እንዳትተዪ ነው የምፈራው» ብሎ መለሰላት።

በማግስቱ ባንኮኒው ፊት ቆማ ያንኑ ጠየቀችው። ረሻድ ጆሮው ድረስ ቀላ። ደንበኞቹን አየ፣ ጣሪያውን አየ።

«እባብ» አላት።

ሳቋ አመለጣት። ባቡር ውስጥ ሆናም ብቻዋን ስትስቅ ሰው ታዘባት። ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋና ፍርሃት ገባት። ወዳዋለች። እሱስ? የሚወዳት በጽሑፍ ብቻ ቢሆንስ?

አማካሪዋ ዶክተር ዲንቄ ነገሩን ስትነግራቸው አልተቆጧትም። የወደዱትን ሰው እያጠኑ እውነቱን መጻፍ እንደማይቻል ነገሯትና፣ ወይ እሱን ወይ መልሶቹን እንድትመርጥ አሏት። ጥናቱ የቆመው ደግሞ በአብዛኛው በእሱ መልሶች ላይ ነው። ካወጣችው ምርቃቷ ለከርሞ መተላለፉ ነው፤ አባቷ አቶ ሮሪሳ ደግሞ ልጃቸው ዘንድሮ እንደምትመረቅ ለሰፈሩ ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ሄደች።

«ከጥናቱ አውጥቼሃለሁ» አለችው።

ረሻድ የተባረረ መሰለው። የያዘውን የስልክ ሽፋን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ምን አጠፋሁ?»

«አንተ ምንም አላጠፋህም። የምወደውን ሰው ማጥናት አልችልም።»

ውጭ የጭነት መኪኖች ይተላለፋሉ። እጁ ወደ ስልኩ ሲሄድ ፊርዶስ ሊጽፍልኝ ነው ብላ ተስፋ ቆረጠች። እሱ ግን ስልኩን አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተውና ከባንኮኒው ኋላ ወጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«እሁድ አባትሽ ቤት ይውላሉ?»

«ይውላሉ። ለምን?»

«ሽማግሌ ልልክ ነው። ግን ከእነሱ አፍ ከመስማትሽ በፊት ከእኔ ስሚው። እወድሻለሁ።»

ካርድ ሊገዙ በሩ ላይ የቆሙትም ሰሙ።

ፊርዶስ በዚያ ዓመት አልተመረቀችም። አገባች።