ሦስቱም ሰርቨር ንጹሕ

ኢንስፔክተር ወለቴ መቀመጥ አይሆንላትም። ሳምሶን ትናንት ረፋድ ከጣሪያ ወድቆ ሞቶ የተገኘበትን የኮሌጅ ግቢ ከጠዋት ጀምሮ ስትዞረው፣ ዘበኛው «ኧረ ኢንስፔክተር፣ ራሴን አዞሩት!» አላት።

ምን ታድርግ? ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አሁን ስድስት ተኩል። የሟች እህት ዘርፈሽ መንገዷን ዘግታ ቆመች።

«ራሱን ገደለ ብላችሁ ከጻፋችሁ ቄሶቹ አይፈቱትም። ወንድሜን ያለ ፍትሐት ልቅበረው?»

«ትንሽ ታገሺኝ፣ እህቴ።»

ሳምሶን የኮሌጁ ሰርቨሮች ኃላፊ ነበር። «ራሱን ገደለ» ያሉት አለቃው አቶ ዳልጮ ናቸው።

«ምስኪን!» አሉ፣ ወለቴ ቢሯቸው ውስጥ እየተንጎራደደች ስትጠይቃቸው። «ሁለት ሰርቨር ላይ ያልተፈቀደ ምንጭ ያስገባው ራሱ ነው። ሲጋለጥ አጽድቶት ራሱን ጣለ። የጸዳው በእሱ ስም ነው።»

«ትናንት አግኝተውት ነበር?»

«ኧረ! ከሰኞ ወዲህ አልተያየንም።»

ወለቴ የሳምሶን የሥራ ባልደረባ ወደሆነችው ወደ ሣራ ሄደች። «ምንጭ የምትሉት ምንድን ነው?»

«ሰርቨር ፕሮግራሙን የሚያወርደው ከተፈቀደለት ቦታ ብቻ ነው። ውኃ ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚቀዳ እንደማለት፣ ዝርዝር አለው። ሳምሶን የሠራው ፈታሽ ፕሮግራም በየሰዓቱ ሦስቱንም ሰርቨሮች ዞሮ ዝርዝሩን ያነባል። ባዕድ ምንጭ ካገኘ ሳምሶን ስልክ ላይ ይጮሃል።»

«የሌላ ሰው ስልክ ላይስ?»

«የእሱ ብቻ። ስልኩም አብሮት ወድቆ ደቋል።»

ሣራ የፈታሹን የትናንት ሪፖርት ከፈተች። የሦስት ሰዓቱ ተሰርዟል። የአራት ሰዓቱ ግን «ሦስቱም ንጹሕ» ይላል። ልጅቷ ደነገጠች።

«ይሄማ አይሆንም! ሦስተኛው ሥራ የሌለው የሙከራ ሰርቨር ነው። ሳምሶን ጠዋት ጠዋት አንዲት የውሸት መስመር ይጽፍበታል፤ ፈታሹ ካልጮኸ ተበላሽቷል ማለት ነው። መስመሯ የምትጠፋው ማታ ስንወጣ ነው። ትናንትም ሁለት ተኩል ላይ እፊቴ ጽፏታል።»

«በእሱ ስም መግባት የሚችል አለ?»

«የሁላችንም የይለፍ ቃል ታሽጎ አቶ ዳልጮ ካዝና ውስጥ ነው።»

የሬጅስትራር ሠራተኛዋ መቅደስ ሳትጠየቅ ለፈለፈች። «እኔ ኮምፒውተር ከመክፈት ሌላ ምን አውቃለሁ? ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ተማሪ ስመዘግብ ነበር፤ ሰልፈኛው ይመስክር! ብቻ ባለፈው ሳምንት የተማሪ ውጤት በራሱ እየተቀየረ ነው ብዬ ለሳምሶን ነግሬው ነበር። በምን እንደሚገባ አገኘዋለሁ አለኝ።»

ሰባት ተኩል ላይ ወለቴ ሁሉንም ሰርቨር ክፍል ሰበሰበቻቸው፣ ዘርፈሽንም ጭምር።

«ትናንት ጠዋት ሁለት ሰርቨር ላይ ባዕድ ምንጭ ነበር» አለች። «አንዱ የሬጅስትራሩ ሰርቨር ነው፤ ውጤት የሚቀይረው ፕሮግራም የሚገባው በዚያ ነበር። ሌላው የሙከራው፣ የሳምሶን የውሸት መስመር ያለበት ነው። አንድ ሰው ደንግጦ ሁለቱንም አጸዳ። ሳምሶን ቢሆን የራሱን መስመር ምን ብሎ ያጠፋታል? ሣራም ብትሆን ትተዋት ነበር። መቅደስ ከሰልፈኛው ፊት አልተነሳችም። ያጸዳው መስመሯን የማያውቅ፣ የሳምሶን የይለፍ ቃል ግን ያለው ሰው ነው።»

«የዚህ ክፍል አለቃ ሆኜ ሳለ መስመሯን አያውቋትም ነው የሚሉኝ?» አሉ አቶ ዳልጮ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ!

«ማወቅማ ነበረብዎት። ሳምሶን በየወሩ ለእርስዎ በሚያቀርበው ሪፖርት ላይ ጽፏታል። ይኸው ፊርማዎ፣ አሥራ አንድ ጊዜ።» ወረቀቶቹን ዘረጋችላቸው።

«እሱን ማን ያነባል!» ካፋቸው አመለጠ።

ወለቴ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመች።

«ለእኔ ደግሞ ባዕድ ምንጭ የነበረው ሁለት ሰርቨር ላይ ነው ብለው ነግረውኛል፤ ሳምሶንን ግን ከሰኞ ወዲህ አላየሁትም አሉ። ሁለት የሚለው ሪፖርት ተሰርዟል፤ ስልኩም ደቋል። ያንን ያየው ሳምሶንና ሳምሶን ስልኩን ያሳየው ሰው ብቻ ነው። ጣሪያው ላይ አብረኸው ነበርክ፣ ዳልጮ።»

አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ። ሰውየው ግድግዳውን ይዞ ቁጢጥ አለ።

«የእህቴ ልጅ ፈተና ሦስት ጊዜ ወድቃ፣ ውጤቷን ልቀይርላት ብዬ... ስልኩን ስጠኝ አልኩት፣ እንቢ አለኝ። ገፋሁት። ለመግደል አልነበረም።»

ዘርፈሽ ወደ እሱ አላየችም። የወለቴን እጅ ያዘች።

«እንግዲህ ወንድሜ ይፈታል?»

«ይፈታል። ሂጂ፣ ለቄሶቹ ንገሪያቸው፤ ወረቀቱን ይዤ እደርሳለሁ።»

ዘርፈሽ በሩ ጋ እንደደረሰች መቃኑን ተደግፋ ቆመች። «ወንድሜ! ወንድምዬ!» ብላ ጮኸች። ከትናንት ጀምሮ ስትሮጥ፣ ስትለምን ነበር። ለእሱ ማልቀስ የቻለችው ገና አሁን ነው።